ገብስን በብርሃን የለካሁበት ዘመን

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ባለው የገበሬዎች ማኅበራችን መጋዘን በር ላይ ቆሜ ጆንያ ሲወርድ እያየሁ ስልኬ ጠራ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ ሰው።

«ሙልዬ፣ ቆመሻል ወይስ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«የብቅል ፋብሪካው ተቀብሎናል» አሉኝ። «የእኛ መለኪያ ሳጥን ያለውንና የእነሱ ትልቁ ማሽን ያለውን አስተያይተው ጨረሱ። ገጥሟል። ከእንግዲህ የራቤል ገብስ እዚያው ራቤል ይለካል፣ እዚያው ይወሰናል። ሳጥኑም አይመለስም፣ የእናንተው ነው።»

መጮህ ልጀምር ስል «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ። «ለቴክኒሻን ሥልጠናው ተቀባይነት አግኝተሻል። ከመስከረም ጀምሮ እኔ ዘንድ ነሽ። እስካሁን በሳጥኑ ስትለኪ ነበር፣ አሁን ሳጥኑን መሥራት ትማሪያለሽ።»

ከዚህ በኋላማ ጮህኩ። ጆንያ ተሸክሞ የነበረ አንድ ጎረቤታችን እባብ ያየሁ መስሎት ዘወር አለ።

«ምነው ልጅት፣ ምን ነካሽ?»

«ገብሳችን አለፈ! ፋብሪካው ተቀበለን!»

«ታዲያ ለገብስ እንዲህ ይጮኻል?» አለና ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ የተሸከመው የራሱ ገብስ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጆንያውን ወርውሮ ከኔ ብሶ ጮኸ።

ጡረታ የሚወጡ ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን ይጽፋሉ። እኔም ከለኪነት ወጥቼ ወደ ሌላ ሙያ መሄዴ ስለሆነ ለምን አልጽፍም አልኩ። ከዚህ በፊት ከፈተና ወረቀት ውጭ ምንም ጽፌ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጀምሬዋለሁ፣ እጄም እምቢ አላለኝም።

በመጀመሪያ ሐሙስ ዕለት ለምን እንደጮህኩ ይግባችሁ። ለብቅል የሚሆን ገብስ እርጥበቱ ከበዛ ፋብሪካ አይገዛውም። እርጥበቱን የሚያውቀው ደግሞ ሩቅ ከተማ ያለ ትልቅ ማሽን ነበር። ሰዉ ገብሱን ይጭናል፣ መኪናው ያንን መንገድ ሁሉ ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ «እርጥብ ነው» ይባልና ተመልሶ ይመጣል። የአባቴ ገብስ እንደዚያ ተመልሶ ሲራገፍ አይቻለሁ። አባቴ ጆንያዎቹን እያየ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። በየዓመቱ ከገብስ ወቅት በፊት ይህ ነገር በየቤቱ ሆድ ያባባ ነበር። ሳጥኑ የመጣው ለዚህ ነው፤ ገብሱ ሳይጫን እዚሁ እንዲታወቅ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ጌታነህ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ቁጥር የማይምታታባት ልጅ ፈለጉ። ቁልፋቸውን እያንሿሹ ትምህርት ቤታችን መጥተው ሦስታችንን አስቆሙንና ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዘን እንድንራመድ አደረጉን። ሁላችንም አፈሰስን። እኔ ያፈሰስኩት ትንሽ ነው። ሥራ የገባሁት በዚህ ዓይነት ነው። አበሉ ትንሽ ነበር፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። በመጀመሪያው ቀን እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው ከስልካቸው ካሜራ ጀመሩ።

«በዚህ ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚያይለት ሲሊኮን የሚባል ነገር ነው። ርካሽ ነው፣ በየስልኩ አለ። ግን ከቀይ ማዶ ያለ፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን አለ፤ የኛ ዓይን አያየውም። የዚያን ብርሃን አብዛኛውን ሲሊኮንም አያየውም፣ እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፈዋል። እርጥበት ደግሞ ራሱን የሚያሳየው እዚያ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ውኃ ከውስጡ የተወሰነውን መርጦ ይጠጣዋል።»

«ታዲያ በምን ሊታይ ነው?»

«ትልቁ ማሽን ውድ የሆነ ሌላ ዓይን አለው። እኛ ግን ሲሊኮኑ ላይ ወርቅ ቀባንበት።»

ወርቅ ሲሉኝ የእናቴን የጆሮ ጉትቻ አሰብኩ። እትዬ አስካለ ሳቁ። የሳጥኑ ወርቅ በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሳ ቢሰበሰብ የቀለበት ጭረት እንኳ አይሞላም። ገጹ በዓይን የማይታይ ትልም አለው። ብርሃኑ በትክክለኛው ማዕዘን ሲያርፍበት፣ ወርቁ ገጽ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ነፋስ እንዳገኘው የገብስ ማሳ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስ የሚባለው ይኸው መወዛወዝ ነው። ሲወዛወዙ ጉልበት ያገኙት ወደ ሲሊኮኑ ይሻገራሉ፣ ያቺ መሻገር ትንሽ የኤሌክትሪክ ጉልበት ሆና ትቆጠራለች። እያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት የሚያወዛውዝበት የራሱ ማዕዘን አለው። ስለዚህ ሳጥኑ ወርቁን ቀስ በቀስ እያዘነበለ ያዳምጣል፣ ከዚያ መስመር ይስላል። መስመሩ የሚጎደጉድበት ቦታ ውኃው ያለበት ነው።

ይህን በልቤ ለመያዝ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ። አባቴ «እሺ፣ ገብቶኛል፣ አሁን በጉን አስገቢ» እስኪለኝ ድረስ።

ስለ እትዬ አስካለ ልማድ ብጽፍ ቦታ አይበቃኝም። ሳጥኑ አጠገብ ሲቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያስራሉ፣ እስትንፋስ እርጥበት ነውና። ከሁሉ በፊት አንዲት ነጭ ሸክላ ይለካሉ። የሸክላዋ መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እሷ ከተለወጠች ሳጥኑ ታሟል ማለት ነው። ስለ ሌላ ነገር እያወሩ አይለኩም። ደስ የሚል ቁጥር ሲወጣና እኔ ልነሳ ስል «እንደገና» ይላሉ። የማያውቁትን ሲጠየቁ ደግሞ «አላውቅም፣ እንየው» ብለው ወዲያው ወንበር ይስባሉ። ሥራ ሲያልቅ ከተረፈው ገብስ ቆሎ አስቆልተው፣ ከመጋዘኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየቆረጠሙ ይቀልዱብኛል። «ይሄ እርጥበቱ ስንት ነው?» ይሉኛል። ቆሎ እኮ ነው!

በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ሁለተኛ ሳጥን ይዘን፣ ከኛ ይልቅ ወደምትሞቀው ወደ ዓለም ከተማ ወረድን። መንገዱ አውቶቡሱን ሲያንገጫግጨው እትዬ አስካለ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ። ረዳቱ «እናቴ፣ እሱን ላይ እንጫነው» ቢላቸው «አንተን እንጫንህ» አሉት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀበት።

ዓለም ከተማ ያስተማረኝ ሙቀትን ነው። ማሾና ማሽላ እየለካን ሳለ አንድ ቀን መብራቱን አጥፍቼ ብለካ ሳጥኑ ብርሃን አለ አለኝ።

«እትዬ፣ በጨለማም ያያል!» አልኩ በደስታ።

«አያይም፣ ይቃዣል» አሉኝ። «ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሮኖቹ ብርሃን ሳይነካቸውም ይሻገራሉ።»

ማቀዝቀዣ አልነበረንም። ከተከራየንበት ቤት አንድ ትልቅ ጋን ተውሰን፣ ውስጡን አድርቀን፣ ሳጥኑን አስገብተን ውጭውን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልነው። ሳጥኑ ቀዝቀዝ ሲል መቃዠቱን ተወ። የቤቱ ባለቤት ግን ጋኑን በየጠዋቱ እያዩ «ይሄ ጠላ መቼ ነው የሚደርሰው?» ማለታቸውን አልተዉም።

ጓሳ ወደሚባለው የመንዝ ደጋም ወጥተናል፣ በፈረስ፣ የቤት ክዳን የሚሆነውን ሳር ድርቀት ለመሞከር። የሳሩ ጠባቂ ከሩቅ አይቶን መጣ። «ልታጭዱ ነው?» አለን። «አይደለም፣ ልናየው ነው» አልኩት። «ለማየት ሳጥን ምን ይሠራል? ዓይን የላችሁም?» አለና እስክንሄድ ድረስ ቆሞ ጠበቀን። ነፋሱ በዝቶብን ብዙ ሳንለካ ተመለስን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ባለፈው የገብስ ወቅት ፋብሪካው አንድ ውል ገባልን። ገበሬው ናሙና ያመጣል፣ እኛ በሳጥኑ እንለካለን። ገብሱ ተጭኖ ሲደርስ ፋብሪካው ደግሞ በትልቁ ማሽን ይለካል። እስከ ወቅቱ መጨረሻ ሁለቱ ከተስማሙ ሳጥኑ ራቤል ይቀራል። ካልተስማሙ ሳጥኑ ይመለሳል፣ መኪናውም እንደ ድሮው እየሄደ ይመለሳል።

የመጀመሪያው መኪና ሄደ። እኛ «እርጥብ» ብለን ለማመሳከር ያስጫንነውን ፋብሪካው «ደረቅ» አለው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ለፋብሪካው ገብስ የሚገዛው ሰው መጥቶ በትሕትና ተናገረ፤ ትሕትናው ከቁጣ ይብስ ነበር።

«አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ እናቆማለን» አለ።

አቶ ጌታነህ ቁልፋቸውን ማንሿሿት አቆሙ።

እትዬ አስካለ ያን ቀን ነጯን ሸክላ ደጋግመው ለኩ። ደህና ናት። ገብሱን ለኩ፣ እርጥብ። «መንገዱ የሳጥኑን መታሸጊያ ጎማ ሰንጥቆት ይሆናል» አሉ። «እርጥብ አየር ገብቶ ወርቁ ላይ ጤዛ ከሠራ ማዕዘኑ ይዛባል።»

«ጤዛ ቢሆን ሸክላዋንም አይቀይራትም ነበር?» አልኳቸው።

«ይቀይራት ነበር» አሉ። ሳጥኑን አዙረው አዩት። «ግን ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። ውጭ ሰው ቆሟል።»

ሳጥኑን ከፈቱት። ክፍሉ ውስጥ የገብስ ብናኝ ነበር፣ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጎማው አልተሰነጠቀም። ወርቁ ላይ ግን አሁን ብናኝ አረፈበት። እትዬ አስካለ ጥጥ በአልኮል ነክረው ነካ አደረጉት፣ በጣም ቀስ ብለው። ጥጡን ሲያነሱት ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ነበር።

ወርቁ ነው። ከሲሊኮኑ ተላቆ ጥጡ ላይ ቀረ።

ነጠላቸውን ከአፋቸው ፈቱ። ከዚያ ተነስተው ሰዉ ወደቆመበት ወጡ።

«ሳጥኑ ተበላሽቷል» አሉ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቷም አይደለችም፣ አቶ ጌታነህም አይደሉም።»

ከፊት የቆሙት ቄስ አጥናፉ ነበሩ፣ የሰበካችን ቄስ፣ ገብስ አራሽም ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው «ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን» አሉ። «ታዲያ ገብሳችንስ?»

«አላውቅም፣ አባ» አሉ እትዬ አስካለ። ያን ጊዜ «እንየው» አላሉም።

ወደ ቤቴ ስገባ እናቴ ገበቴ ፊት ቁጭ ብላለች። ገብስ በውኃ እያጠበች ነው። አንዴ አለቀለቀች፣ ውኃውን ደፋች፣ ደግማ አለቀለቀች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?»

«የነገ ናሙናችን ነዋ። ተራችን አይደል?»

«ለምን ታጥቢዋለሽ?»

በጣም ሞኝ ነገር እንደጠየቅኳት አየችኝ። «ብርሃን ያየዋል እያልሽ ስታደነቁሪን አልከረምሽም? ብርሃን ፊት በአቧራ ይቀርባል እንዴ? እንደ መገበሪያ ነው ያዘጋጀነው፤ ለቅዳሴ የሚሆነው ስንዴ ተለቅሞ ታጥቦ አይደለም የሚሄደው? የቄስ አጥናፉ ባለቤት ናት ያሳየችን።»

«ያሳየቻችሁ? ስንታችሁን?»

«አገሩን በሙሉ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጆንያው ውስጥ ያለው ገብስ ደረቅ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው እፍኝ ግን ታጥቦ፣ ጠፈፍ ብሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ እርጥብ ያለው እርጥብ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ደረቅ ያለው ደረቅ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

እየሮጥኩ ተመልሼ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ጥጡን አዩና ሳቁ ቆመ።

«ሳጥኑ እውነቱን ነበር የነገረን» አሉ። «ሸክላዋም ነግራኛለች።»

ከዚያ በኋላ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ገዢው ምክንያቱን ሲሰማ ያለፉትን ሁለት መኪናዎች ተወልንና ከቀጣዩ ጀምሮ እንዲቆጠር ተስማማ። እትዬ አስካለ እዚያ ትተነው የነበረውን ሁለተኛውን ሳጥን ሊያመጡ ዓለም ከተማ ሄዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ቄስ አጥናፉ ምእመናኑን አስቁመው እንዲህ አሉ፦ «ወገኖቼ፣ የሚታጠበው ኃጢአት ነው እንጂ የማኅበሩ ገብስ አይደለም። እንደ ወረደ ይምጣ። ይህ ከቤቴ የወጣ ትምህርት ስለሆነ ማረሙም ከቤቴ ይጀምር።» ባለቤታቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እናቴ ግን እስከዛሬ አልተዋጠላትም። «ከነአፈሩ? ሰው ምን ይለኛል?» ትላለች።

ናሙና መውሰጃውንም ለወጥነው። ከቤት የመጣ እፍኝ ቀረ። ባለቤቱ እያየ፣ ጫፉ በሾለ፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት ከጆንያው መሃል እናወጣለን።

ሁለተኛው ሳጥን ሲመጣ እትዬ አስካለ ወንበሩን ወደ እኔ ገፉት። «አንቺ ለኪ» አሉኝ። እሳቸው ከኋላዬ ተቀመጡ። ሳጥኑ ከሙቀት አገር የመጣ ስለሆነ የራቤልን ብርድ እስኪለምድ ጠበቅኩት። ሸክላዋን ለካሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አሰርኩ።

ለመጨረሻው መኪና ጭነት ስንለካ ወረፋው እየቀነሰ ሄዶ የአባቴ ተራ ደረሰ። ጆንያውን በብረቱ ራሴ ወጋሁ፣ ገብሱን አፈሰስኩ፣ ለካሁ። መስመሩ ጎደጎደ። እርጥብ።

አባቴ ፊቴን አየና ገባው። «እንደገና ለኪው» አለ።

እንደገና ለካሁ። ከሌላ ጆንያ ወስጄም ለካሁ። ሸክላዋን ለካሁ። ሸክላዋ ደህና ናት። ብፈልግ ኖሮ «ደረቅ» ብዬ ማሳለፍ እችል ነበር፣ ከተሰለፈው ሰው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ፋብሪካው ግን ያያል፣ ራቤልም ሳጥኑን ያጣል።

«አባዬ፣ እርጥብ ነው» አልኩት። «የላይኛው ክምር ዝናብ አግኝቶት ይሆናል።»

ሰዉ ሁሉ አባቴን አየ። እሱ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ።

«አያችሁ?» አለ። «የወለድኳት ልጅ መለሰችኝ። የእናንተንማ እንዴት ታሳልፈዋለች!»

ሳቁ። አባቴ ጆንያዎቹን በአህያ መልሶ፣ አስጥቶ፣ ከቀናት በኋላ አመጣ። ለካሁት። ደረቅ ነበር። መኪናው በዚያ ተሟላና ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣም። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ፤ መጠበቁ እስካለፈው ሐሙስ ቆየ።

የእኔ የሥራ ዘመን ይኸው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ወርቅ በሲሊኮን ላይ እንዴት እንደሚያርፍ እማራለሁ፣ ምናልባትም በጥጥ የማይላቀቅ ወርቅ። እትዬ አስካለ «አላውቅም» አሉኝ ስለዚህ ስጠይቃቸው፤ ቀጥለው ግን «እንየው» አሉ።

ሳጥኑ ራቤል ይቀራል። ወንበሩ ላይ ግን ሰው የለም። አቶ ጌታነህ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲነሱ ለመንኳቸው፤ እስከ ጳጉሜን ድረስ እኔው ራሴ ላሳይ ብዬ። እሺ ብለዋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የግሼም ሆነ የመንዝ ልጆች፣ በተለይ እናንተ «ፊዚክስ ለኔ አይሆንም» የምትሉ እህቶቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያው በፊት ወደ መጋዘኑ ብቅ በሉ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም፣ የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንዱ የኔ ነው፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ሌላው ላይ ተቀመጪና ለኪ።